ቅንፍ ውስጥ

እኔ ገጣሚ አይደለሁም፤ የሚዛን ጸሐፊ ነኝ፣
በኩቲያላ አውራጃ፣ ስሙ ካርታ ላይ በማይገኝ
በአንድ የማሊ መንደር። ጥጥ ሲለቀም፣ ሲከመር፣ ሲመዘን
ኪሎውን እጽፋለሁ። ደስታም ይሁን ሐዘን
በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ ዓይነት መስመር፤
ደብተሬ ያውቃል ማን ምን እንዳለበት፣ ከማን እንደሚበደር።

አምና ዛንጋ፣ ስምንት መቶ ሠላሳ ኪሎ። ማዳበሪያው ሲቀነስ፣
የፀረ-ተባዩ ዕዳ ሲነሳ፣ የበሬ ኪራይ ሲመለስ፣
የቀረው፦ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሴፋ።
ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ፤ ምራቁን ዋጠ እንጂ አልተፋ።
«ዘንድሮ ምን አጠፋን?» አለኝ። «ዝናቡ መጣ፣ ትሉ ጠፋ፣
መሬቱ ሰጠ። ታዲያ ማነው የወሰደው?»
ደብተሬን ዘጋሁ። ለዚህ ጥያቄ ዓምድ የለው።

በጥቅምት ላኩኝ። «የገበሬ ወኪል» የሚል ወረቀት አንገቴ ላይ፣
የወንድሜን ኮት ለብሼ፣ እጅጌው አጥሮ አንጓዬ ሲታይ፣
ጄኔቫ ገባሁ። ሐይቁ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ፤
ውኃ ወደ ሰማይ ይረጫሉ፣ አንድ ማሳ ሳያጠጡ፣ በዋዛ።

ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰኩልኝ። ከመስታወት ጀርባ አንዲት ሴት
የሌላውን ቁጣ በለስላሳ ድምፅ ታቀርባለች፣ ያለ ስሜት።
አሥራ አንድ ሰዓት ተከራከሩ በአንድ ቃል፦
«ይቀንሳል» ወይስ «ሊቀንስ ይችላል»።

ሣጥን አላቸው፣ ድጎማ የሚያኖሩበት፤
ቢጫው የሚነቀፉበት፣
ሰማያዊው የሚታለፉበት፣
አረንጓዴው ማንም የማይጠይቅበት።
ገንዘቡ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዛወር አየሁ፤
ቀለሙ ተለወጠ እንጂ ሸክሙ ያው።
ቀለሜ ትንሽ ነው። ክብደት ግን አውቃለሁ።

ማታ በሆቴሉ አንሶላ ጠርዝ የተሰፋች ጨርቅ አነበብኩ፦
መቶ በመቶ ጥጥ።
የማን? አይልም።

ተደራዳሪያችን ቴኔ፣ ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃ፣
ደረቅ ዳቦ በቦርሳዋ፣ ሦስት ሌሊት እንቅልፍን ንቃ፣
ረቂቁን አሳየችኝ። ስለ ጥጥ የሚለው የእኛ አንቀጽ
በሁለት ጎባጣ ጭረት ታጥሯል፣ እንዳይሞት፣ እንዳይጸድቅ።
«ይሄ ቅንፍ ነው» አለች። «ያልተስማሙበት እዚህ ይገባል።»
«መቼስ ይወጣል?»
ሳቀች። ሳቋ ውስጥ እንደ ደረቀ አገዳ የሚሰበር ነገር አለ።
«ዛንጋም እዚህ ውስጥ ነው?»
«አዎ። በሬዎቹም።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው፣ ከቴክሳስ፣ ክላይድ የሚባል፣
መዳፉ እንደኛው ተሰነጣጥቆ፣ ከማሽኑ ውኃ ይቀዳል።
ስልኩን አሳየኝ፦ ድርቅ የበላው ማሳ፣ አባቱ የገዙት ትራክተር፣
የባንክ ደብዳቤ፤ ከተማ የቀረ ልጁን ሲያነሳ ድምፁ ሲሰበር።
ልጠላው ፈለግኩ፤ አቃተኝ። ሰውየው ገበሬ ነው።
«ዋጋ ሲወድቅ» አልኩት በአስተርጓሚ፣ «አንተ ምን ትሆናለህ?»
«እወድቃለሁ።»
«እኔም። አንተ ስትወድቅ ግን ከሥርህ ፍራሽ አለ።»
ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ፍራሹም ከጥጥ ነው» አለ።
እስካሁን አልለየሁም፣ ቀልድ ይሁን ኑዛዜ፤
ልጽፈው ስል እስክሪብቶዬ ጠፋኝ በዚያች ጊዜ።

ሊነጋጋ ሲል «ዙሩ ከረረ» ተባለ። ለከርሞ፣ ለሌላ ከተማ።
አክስቴ ሳታ ስትፈትል የምትለው ትዝ አለኝ፦
«እንዝርት ያለ ልክ ሲዞር ክሩ ይከራል፤
ሲከር ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ቀጭኑ ይበጠሳል።»

ስመለስ ዛንጋ ሚዛኑ ሥር ቆሞ፣ «እህስ፣ ምን አሉ?»
«ስለ አንተ ብዙ ተባለ። ግን ቅንፍ ውስጥ ነህ።»
«ቅንፍ ምንድን ነው?»
አቧራው ላይ በጣቴ ሳልኩለት፣ ሁለቱን ጎባጣ መስመር።
ጎንበስ ብሎ፣ ብዙ አየው።
«የበሬ ቀንድ ነው» አለ። «ራሱን የት አደረሱት?»

ከዚያ ጆንያውን አንስቶ መንጠቆው ላይ ሰቀለው።
«መዝን።»
ሰባ ሁለት ኪሎ።
ጻፍኩት።